የማይቃጠለው ፊውዝ

ደሴ ያለው የቤታችን ቆጣሪ ከበሩ በስተቀኝ፣ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው የተሰቀለው። ባለፈው ዓመት ለበዓል ስሄድ እናቴ «ምጣዱ እየነዘረኝ ነው» አለችኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ የኛ ሰዎች የመጀመሪያ መልስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፦ «አጥፍተሽ አብሪው።» እሷ ግን መላውን ራሷ አግኝታዋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጎማ ጫማ አድርጋ፣ እጇን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላ ነበር የምትጋግረው።

ዋናውን አጥፍቼ የሸክላውን ፊውዝ ነቀልኩት። ውስጡ ያገኘሁት የፊውዝ ሽቦ አልነበረም። ግድግዳ ውስጥ ከሚቀበረው ገመድ ላይ ተልጦ የተቆረጠ፣ በፒንሳ የተጠማዘዘ ወፍራም መዳብ ነው። ማን እንዳሰረው ጠየቅኳት።

«አባትህ ይሆናል። ከኛ በፊት የነበሩትም ይሆናሉ። ግን እሱ ከገባ ወዲህ አንድ ቀን ተቃጥሎ አያውቅም» አለች። አነጋገሯ ምስጋና ነበረበት።

ተቃጥሎ አያውቅም። ችግሩም እሱው ነው። ፊውዝ እኮ ሥራው መቃጠል ነው። ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሌላው ሳይነካ እሱ ቀድሞ ቀልጦ መስመሩን ይቆርጣል። ስለ ቤቱ ብሎ የሚሞት ዘበኛ ነው። እኛ ደግሞ የማይሞት ዘበኛ ቀጥረን፣ ስላልሞተ አመሰገንነው።

ለመሳቅ ቀላል ነው። «መሃይምነት ነው» ብሎ ለማለፍም ቀላል ነው። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱን ነበር። ነገሩን ወደ ኋላ ስከታተለው ግን ሌላ ነገር ታየኝ፦ ቤት ውስጥ በእጅ የተሠራ ጥገና ሁሉ፣ ቤተሰቡ በዚያን ጊዜ ከምን ይልቅ ምንን ይፈራ እንደነበር የሚናገር ሰነድ ነው። ያ መዳብ የታሰረው እሳትን የማይፈራ ሰው ስለነበር አይደለም። ከእሳት ይልቅ ጨለማን የሚፈራ ሰው ስለነበር ነው። ለምን? ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ጉዳቱ የሚታይ ዘመን

ደሴን ከተማ ያደረጓት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም መቀመጫቸውን ከጦሳ ተራራ ሥር አደረጉ፤ አይጠየፍ አዳራሽም የዚያ ቤተ መንግሥት ቅርስ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተራው ቤት ሲመሽ የሚበራው በምድጃው እሳት፣ በኩራዝ፣ ሲደላው ደግሞ በፋኖስ ነበር። የሚጠበቀውም በውሻ፣ በቁልቋል ወይ በድንጋይ አጥር፣ በእንጨት መቀርቀሪያና በጎረቤት ጆሮ ነው። የማስጠንቀቂያ ደወሉ «እሪ!» ነበር፤ ባትሪ አይፈልግም።

የዚህ ዘመን መሣሪያዎች አንድ የጋራ ባሕርይ ነበራቸው፦ ብልሽታቸው ይታያል። ኩራዝ ሲበላሽ ይጨሳል። መቀርቀሪያ ሲሰበር በሩ አልዘጋም ይላል። አጥር ሲፈርስ ከብት ይገባል። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት፣ ሚስቱም፣ የአሥር ዓመት ልጁም ምን እንደተበላሸ ዓይተው በእጃቸው ይጠግኑታል። «ራስህ ሥራው» የሚለው ነገር መፈክር አልነበረም፤ ሌላ የሚሠራው ስለሌለ ነው።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ይህን ልማድ ይዘን ነው የተቀበልነው። ችግሩ ኤሌክትሪክ ሲበላሽ አይታይም። የላላ መጋጠሚያ ለዓመታት ውስጥ ውስጡን እየሞቀ መብራቱ ግን እየበራ ይኖራል። የሚታየው «በራ» ወይ «ጠፋ» ብቻ ነው። ስለዚህ ጥገና ማለትም ቀስ በቀስ «እንዲበራ ማድረግ» ማለት ብቻ ሆነ።

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስፒና

መብራት አገራችን የገባው ለቤተ መንግሥት ነው። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ ዳግማዊ ምኒልክ ግቢያቸውን የሚያበራ ማመንጫ አገኙ፤ በ1904 ዓ.ም. ደግሞ ለአዲስ አበባ አነስተኛ ፋብሪካዎች ኃይል የሚሰጥ የውሃ ማመንጫ አቃቂ ወንዝ ላይ ተሠራ። ከዋና ከተማው ውጭ ያለው ሰው ግን ገና ኩራዙን ነበር የሚያበራው።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ደሴ በጣልያን ጦር የተያዘችው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ነው፤ ያ ጦር በደሴ እጁን የሰጠው ደግሞ ሚያዝያ 18 ቀን 1933፣ ኮምቦልቻ ላይ ከተደረገ ውጊያ በኋላ ነው። በእነዚህ አምስት ዓመታት የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ሥራ የያዘው ኮኒኤል የተባለ የጣልያን ኩባንያ ነበር፤ ይጠቅሙኛል ባላቸው ቦታዎችም ማመንጫ ተከለ።

ጣልያኖች ሄዱ፤ ቃሎቻቸው ግን የመሣሪያ ሳጥናችን ውስጥ ቀሩ። መፍቻውን ካቻቢቴ፣ መቆንጠጫውን ፒንሳ፣ ሶኬት ላይ የምንሰካውን ስፒና እንላለን፤ ሦስቱም የጣልያንኛ ቃላት ናቸው። እነዚህን ቃላት ማንም በትምህርት ቤት አልተማራቸውም። ረዳት ሆኖ መሰላል የያዘ ልጅ «ካቻቢቴ አቀብለኝ» ሲባል ሰምቶ ነው የያዛቸው። ሙያውም እንደ ቃሉ ነው የተላለፈው፦ በማየት፣ በማቀበል፣ «እንዲህ ነው የሚታሰረው» በመባል። ስሙና አሠራሩ ይተላለፋል፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ በሙያዬ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው የማይታወቅ፣ ግን ማንም የማይነካው ኮድ የሌለበት መሥሪያ ቤት ዓይቼ አላውቅም።

ከነፃነት በኋላ ሥራው በመንግሥት እጅ ገባ፤ በ1948 ዓ.ም. ሁላችንም «መብራት ኃይል» ብለን የምናውቀው ድርጅት ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ገደማ ይዞ ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን ብርቅ ቁጥር ነበር። ዛሬ ሥሌቱን ስንሠራው 12 ሺህ ምጣድ አንድ ላይ ቢሰካ ይጨርሰዋል።

ቤቱ የማን ነው?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ብዙ ጊዜ ስለ አዋጁ የሚወራው ስለተወረሰው ሰው ነው። የቤት ሽቦ ታሪክ ውስጥም ግን ትልቅ ቦታ አለው። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። ትንንሽ ኪራዮችም ቅናሽ ተደረገባቸው። ለተከራዩ እፎይታ ነበር። ቀበሌው ግን በወር ጥቂት ብር እየሰበሰበ የስንቱን ቤት ጣራና ሽቦ ያድስ?

እንዲህ ሆኖ ቤቱ ጠጋኝ አልባ ቀረ። የቀድሞው ባለቤት ቤቱ የሱ አይደለም፤ አያድሰውም። ቀበሌው ገንዘብ የለውም፤ አያድሰውም። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ብዙ ወጪ ማውጣት አይፈልግም፤ ነገ ቢለቅስ? ስለዚህ ተከራዩ የሚያደርገው ርካሹንና ፈጣኑን ነው። ልጅ ሲወለድ ጓዳ ይቀጠላል፤ ለጓዳው ከሳሎኑ አምፖል ላይ ገመድ ይቀጠላል፤ ከጓዳው ደግሞ ወደ ማድ ቤት። ገመዱ ማገሩ ላይ በምስማር ይመታል፤ በላዩ ጭቃ ይመረጋል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በየጊዜው ይመረጋል። ገመዱ ግን አንዴ ከተቀበረ ማንም አያየውም።

ቅጥያ የሚለው ቃል ከዚህ ወዲህ ለቤትም ለመብራትም አንድ ሆነ።

በኋላም፣ የግል ቤት መሥራት ሲፈቀድ፣ ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ተከራይ። ይህ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። በታኅሣሥ 2011 የመብራት ዋጋ ሲሻሻል፣ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማይበልጥ የሚጠቀሙ ደንበኞች ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ በሆነው የድሮ ዋጋ እንዲቀጥሉ ተደረገ። ዓላማው ድሃውን ለመጠበቅ ነው። አምስት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 40 ቢጠቀሙ ግን የጋራው ቆጣሪ የሚያነበው 200 ነው። ቆጣሪው ሰው አይቆጥርም። ድሃውን ሊጠብቅ የተሠራው ነገር፣ ድሃው ቅጥያ ላይ ስለሆነ አላገኘውም።

16 አምፔር

አሁን ወደ ሳጥኑ እንመለስ። ጥቂት ሒሳብ አለ፤ አብሽሩ፣ ቀላል ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ነጥብ 5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል። የ2 ኪሎዋት የውሃ ማፍያ 9 አምፔር ይጨምራል፤ ምድጃው ሌላ 7 ወይ 8። እሑድ ጠዋት፣ ወጡ ተጥዶ፣ ውሃ እየፈላ፣ እንጀራ ሲጋገር፣ ከ30 አምፔር በላይ በአንድ መስመር ያልፋል። ያ መስመር ደግሞ መጀመሪያ የተዘረጋው ለሦስት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ በሆነ ቀጭን ገመድ ነው። የገመድ ሙቀት ደግሞ የሚጨምረው በካሬ ነው፦ ኤሌክትሪኩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በእጅ ተጠማዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ ካለ፣ መጀመሪያ የሚግለው እሱ ነው።

ፊውዝ የተፈለገው ለዚህ ነበር። ሐሳቡ ከመብራት ጋር እኩል ያረጀ ነው፤ ቶማስ ኤዲሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1890 ለፊውዝ የባለቤትነት መብት አግኝቷል። 0 ነጥብ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ 7 አምፔር ላይ ሲደርስ ይቀልጣል። የኛን ቤት ለካሁት፤ 1 ነጥብ 8 ሚሊሜትር ነው። በተመሳሳይ ቀመር ሲሰላ የሚቀልጠው ከ190 አምፔር በላይ ነው። ከዚያ በፊት ግድግዳው ውስጥ ያለው ቀጭን ገመድ ይቀልጣል። በሌላ አባባል ፊውዙን አላጠፋነውም፤ ቦታውን ነው የቀየርነው። ከሸክላው አውጥተን ጭቃው ውስጥ፣ ደረቅ ማገር አጠገብ አስቀመጥነው።

የእናቴ መነዘር ግን ሌላ ታሪክ ነው። የምጣዱ ስፒና ሲመጣ ኤርዝ ነበረው። የኛ አሮጌ ሶኬት ግን ኤርዝ የለውም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ቆርጦታል። ምጣዱ ውስጥ የሚሾልከው ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ አጥቶ በብረት እጀታው ላይ እጇን ይጠብቅ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። «ብሬከር አስገብቻለሁ፤ ስለዚህ ሰው አይይዝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ጀርመን ውስጥ የሁጎ ሽቶትስ ኩባንያ የመዘገበው ትንሹ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦን ነው። ቻርልስ ዳልዚል የተባለ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ ሰው የያዘውን መልቀቅ የሚያቅተው ስንት ሲደርስ እንደሆነ በፈቃደኞች ላይ ለክቶ ነበር፤ ለወንዶች በአማካይ 16 ሚሊአምፔር፣ ለሴቶች ደግሞ ከዚያም ያነሰ ሆነ። የምጣድ ብሬከር ግን 16 አምፔር እስኪያልፍ ዝም ይላል። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው። ሰው ምጣድ ላይ ተይዞ ለብሬከሩ «ትንሽ አምፖል በራ» ከማለት አይለይም።

ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ነው። ዳልዚል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1961 የፈለሰፈው ዓይነት መሣሪያ፣ እኛ ጋ አርሲዲ የሚባለው፣ የሄደውና የተመለሰው ኤሌክትሪክ እኩል መሆኑን ያነጻጽራል። 30 ሚሊአምፔር ከጎደለ «በሰው ወይ በመሬት በኩል እየሄደ ነው» ብሎ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጠዋል። ሒሳብ የሚያመሳክር ገንዘብ ያዥ በሉት።

ጨለማው ሲቀየር

ታዲያ አባቴ ወይ ከሱ በፊት የነበረው ሰው ይህን ሁሉ ቢያውቅስ አያስረውም ነበር? ይመስለኛል፣ ያስረው ነበር።

የኔ ትውልድ መብራት ሲጠፋ ነው ያደገው። በ2001 ዓ.ም. ፈረቃ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ በ2002 ዓ.ም. ተከዜ፣ ግልገል ጊቤ 2 እና በለስ ተከታትለው ሲመረቁ «አለቀ» ተባለ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የጊቤ 3 ውሃ አነሰ ተብሎ ፈረቃ ተመለሰ። ቤት ውስጥ ደግሞ የራሱ የቤቱ መጥፋት አለ። ሰፈሩ በርቶ የኛ ብቻ ሲጠፋ ያለው ስሜት ሌላ ነው፤ ሌባ ያየዋል፣ ሊጥ ይኮመጥጣል፣ የፈተና ዋዜማ ነው። በውጭ በር ላይ ያለው አምፖል ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው ለውበት አይደለም፤ ርካሹ ዘበኛ እሱ ነው። ስለዚህ ፊውዝ በወር ሁለት ጊዜ ሲቃጠል፣ ሱቁም ሲዘጋ፣ ያለው ሰው ያለውን ሽቦ ያስራል። እሳት ሊመጣ ይችላል፤ ጨለማ ግን አሁን መጥቷል።

ከዚያ 2014 መጣ። ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ መንግሥት ሁለቱንም መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። በእነዚያ ሳምንታት መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ኮምቦልቻ ያለው ጣቢያ ወደ አላማጣም ወደ ሰመራም የሚሄዱ ከፍተኛ መስመሮች የሚነሱበት ነው፤ እዚያ ሲጨልም ጨለማው የአንድ ከተማ ብቻ አይሆንም። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በየሰዓቱ ስልክ እደውል ነበር። «የደወሉላቸው ደንበኛ» እያለች የምትመልስልኝን ድምፅ እስካሁን አልወዳትም።

እናቴ ከቤት አልወጣችም። በኋላ ስለዚያ ጊዜ ስትነግረኝ ብዙ አላወራችም። አንድ ነገር ግን ሳልጠይቃት ነገረችኝ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ወንበር ላይ ወጥታ የውጭ በሩን አምፖል ፈታችው።

«መብራት የለም እኮ፤ ለምን ፈታሽው?» አልኳት።

«ድንገት ሌሊት ቢመጣስ? ቤቱን ሊያሳይብኝ ነው?»

ይህን ስሰማ ነው የፊውዙ ነገር የገባኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያ አምፖል እንዳይጠፋ ብለን እሳትን አቅፈን ተኛን። በአንድ ሳምንት ውስጥ ብርሃኑ ራሱ አስፈሪ ሆነ፤ ጨለማው ዘበኛ ሆነ። ያው ቤት፣ ያው ሽቦ፣ ያችው ሴት። የተለወጠው የሚፈራው ነገር ነው፤ ጥገናውም አብሮ ተለወጠ።

ዓይን መግዛት

ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ከተሞች ሰፈሮች ደኅንነትን በአዲስ ዓይን ያያሉ። ድሮ ግንብ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ነበር የሚተከለው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ሌሊት ይዞር ነበር፤ ያ ደግሞ ራሱ የሚያስፈራ ጥበቃ ነበር። ከዚያ የሰፈር ሰው፣ ልክ ለቅሬ እንደሚያዋጣው፣ አዋጥቶ ዘበኛ ቀጠረ። አሁን ደግሞ ካሜራ ነው። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ስትሄዱ የስንቱ ሱቅ በረንዳ ላይ ነጭ ዓይን እንደተሰቀለ ቁጠሩ።

የቤት ካሜራ ታሪክም ራሱ የጓዳ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ማሪ ቫን ብሪተን ብራውን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ነበረች። እሷም ባሏም ሥራቸው ሌሊት ይሆናል፤ ብቻዋን ስታድር ትፈራለች፤ ፖሊስ ሲጠራ ይዘገያል። ባሏ አልበርት የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነው። ሁለቱ ሆነው በሩ ላይ በቀዳዳዎች የሚያይ ካሜራ፣ መኝታ ቤት ማያ፣ የድምፅ መነጋገሪያ፣ በሩን ከሩቅ የሚከፍትና እርዳታ የሚጠራ ቁልፍ ነደፉ። የባለቤትነት መብቱን በ1969 አገኙ። ዛሬ በየበሩ የምናየው ነገር አያት እሱ ነው። የጀመረውም «ማንም አይደርስልኝም» ከሚል ፍርሃት ነው፤ ደሴ ውስጥ የሚያስገርም ምክንያት አይደለም።

እዚህ ግን የራሴ ሙያ የራሱን ወፍራም መዳብ ያስራል። ብዙ ካሜራ ሲገዛ አብሮት የሚመጣ የይለፍ ቃል አለው፦ «አድሚን»፣ «12345»። ገጣሚው ልጅ ይሰቅለዋል፣ ስልካችሁ ላይ ምስሉ ይመጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። «በራ» ማለት «ተሠራ» ማለት ነው፤ እንደ ፊውዙ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም 60 ገደማ የሆኑ እንዲህ ዓይነት የፋብሪካ ይለፍ ቃሎችን ብቻ እየሞከረ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ያዘ። በእነሱም ዳይን የተባለውን ኩባንያ አጥቅቶ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሰሉ አገልግሎቶችን ለሰዓታት አስተጓጎለ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም። ምስሉ ይመጣላቸው ነበር እኮ።

የሚገርመው ነገር፣ ካሜራው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሽቦ አያይም። ሰፈራችን ውስጥ አራት ካሜራ ያለው ግቢ አውቃለሁ፤ የሚመገቡት ግን በአንድ ዲቫይደር ከተቀጠለ ቅጥያ ነው። ሌባውን እየጠበቅን እሳቱን ረሳነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አራቱም ዓይኖች ይጨፈናሉ፤ ልክ በምንፈልጋቸው ሰዓት።

ሐረጎን የወጡት ሰውዬ

ሽቦውን እንደ ነቀልኩት ብቻዬን መቀጠል አልደፈርኩም። የምህንድስና ዲግሪ አለኝ፤ እሱ ግን ሲበዛ ቀመሩን ነው የሚያስተምረው። ዘመድ ጠይቀን፣ ኮምቦልቻ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተው መጡ። ጋሼ ሳጥኑን ከፍተው ሽቦውን በካቻቢቴያቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ዝም አሉ።

«ማነው እንዲህ ያሰረው ጋሼ? ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩ፤ በትንሽ እብሪት።

«እንደኔ ያለ» አሉ። «ስንት ቤት እንዲህ አስሬያለሁ መሰለህ። ከፋብሪካ ማታ ስወጣ ይጠሩኛል። ሴትዮዋ ሊጡን ይዛ ቆማለች። የፊውዝ ሽቦ የለኝም። ነገ እመጣና አስተካክለዋለሁ እላለሁ። ነገ ሌላ ቤት ይጠሩኛል።»

ከዚያ ወዲህ «መሃይምነት ነው» ማለት አፍሬ ተውኩ።

ሁለት ቀን ሠራን። ከቆጣሪው በፊት ያለውን አልነካንም፤ እሱ የአገልግሎቱ ነው፣ ማኅተሙም የሚሰበር አይደለም። ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ግን እንደ አዲስ፦ ለምጣዱ ለብቻው ወፍራም መስመርና ብሬከር፣ ለመብራትና ለሶኬት የየራሱ፣ ከሁሉም በፊት ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ። ጓሮ እርጥብ ቦታ ፈልገን የኤርዝ ዘንግ ቀበርን። ጋሼ አንድም ገመድ በቴስተር ሳይፈትሹ አልነኩም፤ ቴስተሩንም መጀመሪያ እንደሚሠራ በሚያውቁት ሶኬት ላይ ይፈትሹት ነበር። «ዋናውን አጥፍቻለሁ» ስላቸው «አንተ አጥፍተሃል፤ እኔ ግን አላየሁም» ይሉኛል። ከዚህ የተሻለ የምህንድስና ትምህርት ስለመስማቴ እጠራጠራለሁ።

አርሲዲው ላይ «ቲ» የሚል ምልክት ያለበት ትንሽ ቁልፍ አለ። በወር አንዴ ሲጫን መስመሩ ቀጭ ብሎ መቆረጥ አለበት። ካልተቆረጠ ሞቷል ማለት ነው። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር፤ መብራት በፈቃደኝነት ማጥፋት በቤታችን ታሪክ ታይቶ አያውቅም።

አልሳቀችም። «ዘበኛው ነቅቶ እንደሆነ ማየት ነዋ» አለች፤ ጫነችውም። ቤቱ ጨለመ። ትንሽ ቆየችና መልሳ አበራችው።

የውጭ በሩ አምፖል ግን አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው። ልስቀለው ብያት ነበር። «እሱ ይቆይ» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። የቱ ጥገና መቼ እንደሚፈታ የሚያውቀው፣ ሲያስረው የፈራው ሰው ነው።